ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ቁልምጫውንስ?

ባለፈው እትም ስለ ቤት ስም ሁለት አንቀጽ ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። ለካ ሁላችሁም ቤት ውስጥ የተደበቀ አንድ ስም አላችሁ! ከመጡት ጥቂቶቹን መርጬ እመልሳለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ ማሚቱ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለድን አራት ወር ሆነን። ስሙ ናሆም ነው። አማቴ ግን አንድም ቀን ናሆም ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ "ማሞ" ነው የሚሉት። ሲያድግ "ማሞ ቂሎ" እያሉ እንዳያሾፉበት ፈራሁ። እንዴት ብዬ ላስቆማቸው? (የናሆም እናት)

መልስ፦ አታስቁሚያቸው። ይህን ስልሽ ግን እኔ ገለልተኛ ዳኛ እንዳልሆንኩ እወቂው። ስሜን ታዪዋለሽ፤ የማሞ እኅት ነኝ። ያደግኩት ወንድ ሕፃን ሁሉ ማሞ፣ ሴት ሕፃን ሁሉ ማሚቱ በሚባልበት ቤት ነው። አባቴ ያወጣልኝ ስም አስካለ ነበር። በጣም ይኮራበታል። የንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስም አስካለ ማርያም ነውና "በንግሥት ስም ነው የሰየምኳት" ይል ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ስገባ ይዞኝ የሄደው አጎቴ ነው። መዝጋቢው "ስሟ ማን ነው?" አለው። አጎቴ አሰበ። ዞር ብሎ አየኝ። "ማሚቱ" አለ። ከዚያ ሌላ ስም ሰምቶ አያውቅማ! አባቴ በማግስቱ ላስተካክል ብሎ ሄደ። "በቀለም ተጽፏል" ተብሎ ተመለሰ። ይኸው በቀለም እንደተጻፈ ቀረ። ዲፕሎማዬ ላይ ማሚቱ፣ የጡረታ ደብተሬ ላይ ማሚቱ። እናንተም "እትዬ ማሚቱ" ትሉኛላችሁ። አስባችሁበት ታውቃላችሁ? "ታላቅ እኅቴ፣ ትንሿ ልጅ" እንደማለት እኮ ነው።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታሏን ማሚቱ ጋሼን ታውቂያቸው ይሆናል። ታመው ለሕክምና መጥተው እዚያው ቀሩ። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው እያዩ፣ እየሠሩ ተምረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። እስቲ ስማቸውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የመጀመሪያው ሕፃን ልጅ የምትጠራበት ነው። ሁለተኛው ታላቅ ወንድም የሚከበርበት። ሁለቱም የቤት ቃል ናቸው፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በእነዚሁ ነው።

ወደ ማሞ ቂሎ ልመለስ። የተረቱ ማሞ የታዘዘውን ቃል በቃል እየፈጸመ እናቱን የሚያሳብድ ልጅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ተረቱ ይህን ስም የመረጠው ማሞ ማንኛውም ልጅ ስለሆነ ነው። "አንድ ልጅ ነበር" እንደማለት። ቂሎው የተጣበቀበት በኋላ ነው። ሲጣበቅ ግን ጠበቀ። መምህር ሳለሁ ክፍል ገብቼ "ማሞ" ብዬ ስጠራ ከኋላ መቀመጫ "ቂሎ" የሚል አይጠፋም ነበር።

ከዚያ ወላጆች ወደ ማሙሽ ዞሩ። ማሙሽ ለጊዜው ንጹሕ ነበር። አሁን እሱም ከቤት ወጥቷል። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ ስሙ የማይታወቅ ልጅ ሁሉ ማሙሽ ነው። "ማሙሽ፣ ጠጋ በል እስቲ!" የቤት ስም መንገድ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሁሉም ይጠራበታል፤ የማንም አይሆንም።

እና አማትሽ ማሞ ሲሉት የተረቱን ልጅ አይደለም የሚጠሩት። እሳቸው በልጅነታቸው የሰሙትን ቃል ነው ለልጅ ልጃቸው የሚያወርሱት። ተያቸው። ለምዝገባ ቀን ብቻ ራስሽ ሂጂ። አጎቱን እንዳትልኪ።

ጥያቄ፦ ስሜ ተስፋዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉም ሰው "ተስፍሽ" ይለኛል። ሰሞኑን የሰባት ዓመት ልጄ "አባዬ፣ ለምንድን ነው እንደ ሴት የሚጠሩህ?" አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

መልስ፦ ልጅህ እኔ 31 ዓመት አማርኛ ሳስተምር ልብ ያላልኩትን ነው የጠየቀችህ። ጆሮዋ አልተሳሳተም። "ሽ" ስንሰማ የምትመጣብን "አንቺ" ናት። ልብስሽ፣ ቤትሽ፣ ተስፍሽ። ወንዶቹን ቁጠራቸው እስቲ፦ ግርማ ግርምሽ፣ ሀብታሙ ሀብትሽ፣ አብርሃም አብርሽ፣ ደምሴ ደምሽ። ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጥ ጎረምሳ እንኳ ጓደኞቹ መሀል ሲገባ "ሽ" ትከተለዋለች።

አማርኛ ሲወድ ያሳንሳል። ሲያሳንስ ደግሞ አንስታይ ያደርጋል። "እስቲ ያቺን መጽሐፌን አቀብለኝ" የሚል ሰው መጽሐፏ ወይ ትንሽ ናት ወይ ይወዳታል። "ይህቺን ብር ያዝ" ሲሉህ ብሯ ብዙ እንዳልሆነች ሳትቆጥር ታውቃለህ። ለሰውም እንዲሁ ነው። እናት ወንድ ልጇን አቅፋ "አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ነው?" ትለዋለች። ሴቷን ልጅ ደግሞ "አንተ! ና እንጂ!" ትላታለች። ፍቅር ሲበዛ ወንዱና ሴቱ ይቀያየራል።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ በአንቺ ነው የጠራችው። አንድ ቀን ጓደኞቹ ባሉበት "ነይ ምሳሽን ብዪ" አለችው። ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ከዚያ ወዲያ አንተ አለችው፤ እስክትሞት ድረስ አንተ። ዛሬ ስድሳ ሊደፍን ነው። "ያኔ ባላኮርፍ ኖሮ" ይላል አንዳንዴ።

ከፍ ወዳለው ቦታ ብንሄድም አይቀየርም። ምኒልክን አስብ። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሳህለ ማርያም ነው። የንግሥና ስማቸው ምኒልክ። የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦር የመሩት እኚህ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ታዲያ ከዚህ ሁሉ ስም በላይ ምን ጨመረላቸው? "እምዬ"። እናቴ! አባዬ አላላቸውም።

ያቺው "አንቺ" ከማይወድህ ሰው አፍ ስትወጣ ግን ዱላ የምታማዝዝ ስድብ ናት። ስለዚህ ለልጅህ ቃሏን ትተህ ጠሪዎቹን ቁጠርላት። ማን ማን ተስፍሽ ይለኛል፣ ማን ቢለኝ ደስ አይለኝም። በአንድ ምሽት የአባቷን ወዳጆች ዝርዝር ታውቃለች። እኔ ያወቅኩህ ዛሬ ነውና ተስፋዬ ብዬህ ልለፍ።

ጥያቄ፦ ሚሚ የየትኛው ስም አጭር ናት?

መልስ፦ የየትኛውም። በአንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሚሚዎች ነበሩኝ። መዝገቡ ላይ አንዷ ፀሐይ፣ አንዷ እመቤት፣ አንዷ ሰናይት። ሚጢጢ ለምትል ልጅ ሁሉ የምትሆን ስም ናት፤ ባለቤት የላትም። አያት የሆኑ ሚሚዎችም አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ቤተልሔም ትባላለች። "ቤቲ ካላላችሁኝ አቤት አልልም" ብላ አድማ መታች። እኔ ደግሞ በፈረንጅ ስም አልጠራሽም ብዬ ተቆጣሁ። እስቲ ፍረጂን።

መልስ፦ እማማ፣ ግማሹን እርስዎ ረትተዋል። ግማሹን እሷ።

ፈረንጆች ቤቲ የሚሏት ሴት አለቻቸው፤ ግን ኤልሳቤጥን ነው። ቤተልሔምን አይደለም። የእኛ ልጆች ድምፁን ከውጭ ሰሙት፣ አመጡት፣ የራሳቸው ስም ላይ አለበሱት። ኤልሳቤጥን ደግሞ ኤልሲ አሏት። ስለዚህ የልጅ ልጅዎ ቤቲ የፈረንጇ ቤቲ ዘመድ አይደለችም። ሞክሼ ብቻ ናቸው።

ቴዲ ሌላ ነው። እሱ ዘመዱን ያገኘ ቁልምጫ ነው። ፈረንጆች ቴዎዶርን ቴዲ ይላሉ። ቴዎዶርና ቴዎድሮስ ደግሞ አንድ የግሪክ ስም ናቸው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ጆኒም እንዲሁ፤ ጆንና ዮሐንስ ሥራቸው አንድ ነው። ሳሚ ደግሞ የባሰበት ነው። ሳሙኤልም ሳሚ፣ ሳምራዊትም ሳሚ። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስጠራቸው እኩል ይነሱብኝ ነበር።

እርስዎ የረቱበት ደግሞ ይህ ነው። ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባትን ቤት ቤተልሔም እንደምንላት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቤቲ ሲሏት ቤቱ ቀረና እንጀራው ወጣ! ይህን ይንገሯት። ትስቃለች። ስሟን ግን አትቀይርም።

ማስተማር የጀመርኩት በ1977 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው መዝገቤ አበበ፣ ከበደ፣ ታደሰ፣ አልማዝ፣ በላይነሽ ነበር። ውጭ ሲጫወቱ አቤ፣ ከቤ፣ ታዴ፣ አልምዬ፣ በልዬ ይሆናሉ። ሁሉም መጨረሻው ላይ "የእኔ" የምትል ድምፅ አለች። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ ክፍሌ በናትናኤል፣ በቤተልሔምና በኪሩቤል ተሞልቶ ነበር። ናቲ፣ ቤቲ፣ ኪሩ። "የእኔ" የምትለዋ ድምፅ ቀንሳለች። እኔ የሚቆጨኝ እሷ ናት እንጂ ፈረንጅነቱ አይደለም።

አበበን ምን እንዳጠፋው ልንገርዎት? "አበበ በሶ በላ።" ፊደል ስናስቆጥር ሀገሩን ሁሉ በዚህች ዐረፍተ ነገር አሳደግነው። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ ስሙ ወርቅ ሆኖ ነበር። ሁለቱ አበበዎች ለዓመታት ተሟገቱ። እኔ እንዳየሁት ክፍል ውስጥ በሶ የበላው አሸነፈ። ስም ሲጠራ "በሶ!" የሚል ድምፅ ከመጣ በኋላ ማን ልጁን አበበ ይላል? ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ቤቲ ይበሏት እማማ። ለብቻችሁ ሌላ ያውጡላት፤ ከእርስዎ በቀር ማንም የማይጠራት። እሷን አታስነካም።

ጥያቄ፦ እናታችን፣ ባጃጅ አለኝ። ከኋላዋ እንደ ድሮ ጀግኖች "አባ" የሚል ስም ላጽፍ ነው። ጓደኞቼ "አባ የሚባለው መነኩሴ ነው" እያሉ ሳቁብኝ። ይቻላል?

መልስ፦ እንዴት አይቻልም ልጄ! እንዲያውም ሕጉን የጠበቅከው አንተ ነህ። እዚህ ላይ "አባ" መነኩሴ አይደለም። ባለቤት ማለት ነው። ፈረሱ ዳኘው ይባላል፤ ባለፈረሱ አባ ዳኘው። የቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የራስ መኮንን አባ ቃኘው። ሰው በሚጋልበው ይጠራ ነበር። አንተም በምትነዳው ትጠራለህ።

ፈረሱ ሞቶ ስሙ የት ድረስ እንደሚጋልብ ደግሞ ተመልከት። ራስ መኮንን የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን "ቃኘው ሻለቃ" ተባለ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጦር ሰፈርም "ቃኘው" ነበር። እስቲ አስበው፤ የአንድ ፈረስ ስም ኮሪያ ተራራ ላይ ሲዋጋ፣ ከዚያ ደግሞ አስመራ ላይ አንቴና ሲተክል። መቃኘት ወዲያ ወዲህ ብሎ መሰለል ነውና የሬዲዮ ጣቢያው ስሙን ሳያውቅ አግኝቶታል። ክራርም ይቃኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወታደር ቃሉን ሲጠራ ፈረስ ትዝ ይለው እንደሆን እንጃ።

አንድ ምክር ብቻ ልስጥህ። መጀመሪያ ለባጃጇ ስም አውጣላት። ከዚያ "አባ" ብለህ ባለቤትነትህን ጻፍ። ስም የሌላት ባጃጅ ላይ አባ ብትል አባ ባዶ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስም ገብረ ኪዳን ነው። ሁሉም ገብሬ ይለዋል። እኔ ትምህርት ቤት የተመዘገብኩት "ገብሬ" ተብሎ ነው። መታወቂያዬ ላይ ደግሞ "ገብረኪዳን" ይላል። አንድ መሥሪያ ቤት "ሁለት አባት አለህ ወይ?" ብሎ መለሰኝ።

መልስ፦ ቁስሌን ነካኸኝ። ለወረቀቱ የሕግ ሰው አማክር፤ እንዲህ ያለው ነገር መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ሳትውል ሳታድር ጀምረው። እኔ ችላ ብዬ እስከ ጡረታ ማሚቱ ሆኜ ቀረሁ።

ስለ ስሙ ግን ትንሽ ላውራ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ ብቻቸውን አይቆሙም። የማን አገልጋይ? የማን ልጅ? የማን ኃይል? የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። ቁልምጫ ሲመጣ የሚቆርጠው ታዲያ ያንን የሚጠበቀውን ነው። ገብሬ፣ ወልዴ፣ ኃይሌ፣ ተክሌ። ኪዳኑ፣ ሥላሴው፣ ማርያሟ ይወጡና በቦታቸው "የእኔ" ትገባለች። የኪዳን አገልጋይ የነበረው አባትህ የጠሪው ገብሬ ሆነ።

እኛ አገር ደግሞ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። አባት በቁልምጫው ከተመዘገበ ቁልምጫው ልጁ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ቁልምጫ መሆኑን አያስታውሰውም። በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሎምፒክን ማራቶን ያሸነፈውን ማሞ ወልዴን ውሰድ። በጆሮ ብቻ ካየኸው አንዱ ስም የሕፃን ነው፣ አንዱ የተቆረጠ። ሁለቱ ተደምረው ግን ኮስታራ ስም ሆኑ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ላይ ደግሞ ተገልብጧል፤ የአባቱ ስም ሙሉ፣ የእሱ አጭር። በ1988 አትላንታ፣ በ1993 ሲድኒ ላይ ዐሥር ሺውን ሲያሸንፍ "ኃይሌ! ኃይሌ!" ብለን ስንጮህ የማን ኃይል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእኔ ነበራ!

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሁልጊዜ "ሰሊ" ነው የሚለኝ። ሲናደድ ግን "ሰላማዊት" ይላል። የገዛ ስሜን እየጠላሁት መጣሁ።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብዙ ቤት ያለ ነው። ክፍል ውስጥም ይታወቅ ነበር። "ታዴ" ስለው "ወዬ" ይላል። "ታደሰ" ስለው "አቤት" ብሎ ብድግ ይላል፤ ያጠፋው ነገር አለ ማለት ነው። ሙሉ ስም የመዝገብ ነው። መዝገብ ሲገለጥ ደግሞ ማንም ደስ አይለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደስ ባለው ሰዓት ሰላማዊት ብሎ እንዲጠራሽ አስለምጂው። ቡና እየጠጣችሁ፣ እየሳቃችሁ። ስሙ ከቁጣው ይላቀቃል። ይህን የምልሽ በእኔ ስለደረሰ ነው፤ በግልባጩ። ማሚቱ የቤት ስሜ ነበረች፤ መዝገብ ገባችና የደመወዝ፣ የስብሰባ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስም ሆነች። የአባቴ እኅት በመዝጋቢው ተናዳ፣ በእልህ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አስካለ ትለኝ ጀመር። ሌላው ሁሉ ረሳው። እሷ ብቻ ይዛው ቀረች። ይኸው ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ የቁልምጫ ስሜ አስካለ ናት።

ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ። ዘጠናን አልፋለች፤ ጆሮዋም ደከም ብሏል።

"ማን ልበል?" አለች።

"ማሚቱ ነኝ።"

"የቷ ማሚቱ?"

"አስካለ ነኝ አክስቴ።"

"ታዲያ እንዲያ አትዪም!" አለችና ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራኝ ጀመር።